የመርሳት ሕመም ያለባትን እናት የሚያስታምም ቤተሰብ በምን ይታገዝ?

ጠያቂ፦ የቢቸና ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

እናታችን 76 ዓመቷ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ በቢቸና አካባቢ ያለውን የገጠር ቤቷን ትታ ደብረ ማርቆስ ከእኔ፣ ከባለቤቴና ከልጆቻችን ጋር ትኖራለች። መርሳቱ ሲጀምራት የሰው ስም መሳትና አንዱን ነገር ደጋግሞ መጠየቅ ብቻ ስለነበር የሚያያት ሁሉ «ዕድሜ ነው» ይል ነበር። አሁን ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነጠላዋን አጣፍታ «ከብቶቹ ሳይገቡ ልድረስ፣ ቤቴ ውሰዱኝ» እያለች በር ላይ ትቆማለች፤ ሌሊት ተነሥታ መዝጊያ ትነካካለች፤ ብሯን ከመቀነቷ ፈትታ ፍራሽ ሥር ወይም የጤፍ ጆንያ ውስጥ ራሷ ትደብቅና ያኖረችበት ሲጠፋት ባለቤቴን «ሰረቀችኝ» ትላታለች። ይህንኑ ለጠያቂ ሁሉ ስለምትናገር ባለቤቴ ሰው በመጣ ቁጥር ትሸማቀቃለች።

ሐኪም መርምሯት የመርሳት ሕመም መሆኑን ነግሮናል፤ የደም ግፊት መድኃኒቷንም አታቋርጥም። ስለዚህ የምጠይቀው ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ ቤተሰቡ ነው። እኔ ቀን መሥሪያ ቤት እውላለሁ፤ የማጠቡ፣ የማብላቱና የመጠበቁ ሥራ ያረፈው ባለቤቴ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከገጠር ሲመጣ ጸበል እንውሰዳት ይላል፤ አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ ገንዘብ ትልካለች፣ በስልክም እንዲህ አድርጉ፣ እንዲያ አድርጉ ትላለች። ዘመድ ወዳጁ ይጠይቃታል፤ ጠያቂ በበዛ ቁጥር ግን ቡና ማፍላቱና እንጀራ ማቅረቡ ያው ለደከመችው ሰው ተጨማሪ ሥራ ነው። በእኛ አገር ለሞተ ሰው ድንኳኑም ንፍሮውም ቀባሪውም በሰዓቱ ይገኛል፤ ለዓመታት የሚታመም ሰው ያለበት ቤት ግን ምን እንደሚደረግለት የተደነገገ ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ቤተሰብ ማገዝ ማለት በተግባር ምን ማለት ነው? ከወንድምና ከእኅት፣ ከጎረቤትና ከእድርስ ምን ያህሉን መጠየቅ ይገባል? በዚህ ያለፋችሁ ሰዎች ብትመልሱልኝ እወዳለሁ።

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ (ባሕር ዳር)

ጥያቄዎ ስለ ቤተሰቡ መሆኑን አንብቤያለሁ። ሆኖም አንድ የሕክምና ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ የአስታማሚን ድካም ከሚያከብዱት ነገሮች ብዙዎቹ በዋናው ሕመም ላይ የተደረቡና ሊታከሙ የሚችሉ ናቸውና። የመርሳት ሕመም የሚገፋው በወራትና በዓመታት ነው። እናትዎ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከወትሮው ቢብስባቸው፣ ቢቃዡ፣ የሌለ ሰው ቢያነጋግሩ ወይም ቀኑን ሙሉ ቢፈዙ «ሕመሙ ጠንቶባቸው ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለባቸው። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትና ድብርትም የማስታወስ ችግርን ያመጣሉ፤ ያለውንም ያባብሳሉ። ቢ 12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም አረጋዊ ላይ ቢጠረጠር ተገቢ ነው፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በመርፌም ይተካል። ጆሮና ዓይንም ይታዩላቸው፤ በደንብ የማይሰማና ዓይኑን ሞራ የጋረደው ሰው በዙሪያው የሚደረገውን ቢጠራጠር አይገርምም።

ሌሊት እንዲተኙ ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ማስተኛ ግን እፈራለሁ። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የስትሮክንና የሞትን አደጋ እንደሚጨምሩ የታወቀ ነው፤ ሐኪም ያስፈልጋል ካለም በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜና በቅርብ ክትትል መሆን አለበት። በሌላ በኩል የደም ግፊት መድኃኒታቸው እንዳይቋረጥ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ የተወሰነ ትርፍ ገዝቶ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ግፊቱ ከቁጥጥር ከወጣና ስትሮክ ከተደረበ መርሳቱ በአንድ ጊዜ ብዙ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ በዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ መሠረት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰው ከዚህ ሕመም ጋር ይኖር ነበር። ቤተሰብና ወዳጅ ለአንድ ታማሚ በቀን በአማካይ 5 ሰዓት እንደሚያውል፣ ከእንክብካቤው ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸፍኑትም ሴቶች እንደሆኑ ድርጅቱ ይገልጻል። ሌሊቱ ሲደመር የባለቤትዎ ከዚህ በብዙ እንደሚበልጥ ከጽሑፍዎ መገመት አይከብድም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ለባለቤትዎም ካርድ አውጡላቸው የሚል ነው። እናትዎን ይዘው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሲሄዱ ስለ ራሳቸውም ይጠየቁ፤ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ምግብ ይበሉ እንደሆነ፣ ወገባቸውን ያማቸው እንደሆነ፣ ያለ ምክንያት እንባ ይመጣባቸው ወይም «ምነው በሞትኩ» ይሉ እንደሆነ። በረጅም ማስታመም የሚመጣ ድብርት ሕመም ነው፤ ይታከማል። ሁለተኛው ምክሬ ለእርስዎ ለራስዎ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ቅዳሜና እሑድ የሚዘጋ ከሆነ የዓርብንና የቅዳሜን ሌሊት እርስዎ ይረከቡ፤ ባለቤትዎ በሌላ ክፍል በሩን ዘግተው ይተኙ። ከወንድምና ከእኅት በፊት የሚጠየቀው በቤቱ ውስጥ ያለው ሁለተኛ ሰው ነው።

መልስ፦ አባቷን ያስታመመች (ፍኖተ ሰላም)

አባቴን እስከ መጨረሻው ያስታመምኩት እኔ ስለሆንኩ ባለቤትህ ያለችበትን አውቀዋለሁ። ወንድሜ፣ በመጀመሪያ «ቤቴ ውሰዱኝ» ስትል «ቤትሽ ይኸው ነው» ብላችሁ አትከራከሯት። ክርክሩ ምሽቱን ወደ ጠብ ይለውጠዋል እንጂ አያሳምናትም። አባቴ «በሬዎቹ አልገቡም» ብሎ ሲነሣ ዱላውን አቀብለውና አብሬው እወጣለሁ፤ ስለ በሬዎቹ ቀለም፣ የትኛው ለቀንበር እንደሚያስቸግር እያስወራሁት የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ዞረን ስንመለስ «አባ፣ ገብተዋል» ስለው «ተመስገን» ብሎ ይቀመጣል። ይህ መዋሸት ነው ያለኝ ዘመድ ነበር። እኔ ግን የተጨነቀን ሰው ማረጋጋት ከውሸት የሚቆጠር አይመስለኝም፤ የሚቆጥረው ካለም መጥቶ ሁለት ምሽት ቢያድር ሐሳቡን ይለውጣል።

ጨለማ ሲጀምር የሚመጣው መረበሽ እንዲቀንስ ገና ሳይመሽ መብራት አብሩ። መብራት በሚጠፋበት ቀንም ሻማ ሳይሆን በፀሐይ የሚሞላውን ፋኖስ ተጠቀሙ፤ የሻማ ጥላ ግድግዳው ላይ ሲንቀሳቀስ ያስፈራቸዋል፣ ለእሳትም ያጋልጣል። ቀን ቀን እጇ ሥራ ይያዝ። በጎጃም ያደገች እናት እንዝርትና ጥጥ ብትሰጧት አእምሮዋ የረሳውን ጣቷ አይረሳውም፤ ምስር መልቀም፣ ጎመን መቀንጠስም ይሆናል። የለቀመችው ምስር ጠጠር ቢቀርበት ማታ ደግሞ መልቀም ነው፤ ዋናው ሥራ አለኝ ማለቷ ነው። ብሩን በተመለከተ ባለቤትህ «አልወሰድኩም» እያለች እንዳትሟገት። «እማማ፣ ነይ አብረን እንፈልገው» ብላ አብራት ትነሣ፤ የምትደብቅበት ቦታ ሁለት ሦስት ስለሚሆን ቶሎ ይታወቃል፣ ራሷ እንድታገኘውም ወደዚያው መምራት ነው። መቀነቷ ላይ ዝርዝር ብር ብቻ ይቆይ።

ገላ ማጠቡ ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነበር። አባቴ በሴት ልጁ ፊት ገላውን መግለጥ ሞት ሆኖበት ይማታ ነበር። በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜ እየመጣ «አባ፣ ነገ ቅዳሴ ነው፣ ገላዎን ይታጠቡና ነጭ ይልበሱ» ይለው ጀመር፤ ውኃውን ለብ አድርጎ፣ ጋቢውን ከትከሻው ሳያነሣ ከእግሩ ጀምሮ ያጥበዋል። ለቅዳሴ መዘጋጀት ዕድሜውን ሙሉ የለመደው ነገር ስለሆነ እምቢ አይልም። ለሴት እናት ደግሞ የተሻለችው ሴት ልጇ ናት፤ ከሌለች ጎረቤት ያለች እኩያዋ።

አሁን ዘመድን ስለ መጠየቅ። «አግዙን» ብትሉ ሁሉም «አለንላችሁ» ብሎ ይሄዳል፤ ክፋት ኖሮት አይደለም፣ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ነው። «አንቺ ረቡዕ ከምሳ በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጪልን» ብትሉ ግን እምቢ የሚል ጥቂት ነው። የሚጠይቃትም ሰው ቡና እንዲፈላለት አይጠብቅ፤ ቡናውን እርሱ ይዞ መጥቶ ያፍላ፤ ባለቤትህ በዚያ ሰዓት ገበያ ትውጣ ወይም ትተኛ። ገንዘብ የምትልከው እኅትህ ደግሞ ትመስገን፤ ሆኖም በዓመት አንድ ጊዜ ፈቃዷን ይዛ መጥታ እናቷን ሌሊቱንም ጨምሮ ትረከብ። ከዚያ በኋላ በስልክ የምትሰጠው ምክር ሌላ ይሆናል። እናትን በየልጁ ቤት ማዘዋወሩን ግን አልደግፍም፤ አዲስ ቤት፣ አዲስ ደጅ ይበልጥ ያደናግራታል። የሚዘዋወረው ልጅ ይሁን፤ ወንድምህ እህሉን ከሰበሰበ በኋላ እርሱ ይምጣ። ሠራተኛ ቅጠሩ የሚሏችሁም ይኖራሉ፤ ለእንጀራውና ለልብስ አጠባው ትጠቅማለች፣ ሌሊት በር ለምትከፍት አረጋዊት ግን ገና ልጅ የሆነች ሠራተኛን ብቻዋን መተው ለሁለቱም ግፍ ነው።

መልስ፦ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ (ሞጣ)

ከላይ የተጻፈውን እያከበርኩ፣ ስለ ታላቅ ወንድምዎ ሐሳብ ጥቂት ልበል። ጸበል ይሁን ሕክምና በሚል ሁለት ወንድማማች ሲጣላ እናት በመካከል ትጎዳለች። ጸበሉ በጀሪካን ተቀድቶ ቤት ይምጣ፤ ጠዋት ይጠጡት፣ ፊታቸውን ይታጠቡበት፤ መድኃኒታቸውም በሰዓቱ ይሰጥ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የማልስማማው በክረምት ብርድ፣ ሰው በሚጋፋበት ጸበል ቦታ ማሳደሩን ነው፤ መንገዱን የማያውቁ እናት እዚያ ከጠፉ ማን ያገኛቸዋል? አስሮ ማቆየትማ ፈጽሞ የሚታሰብ አይደለም።

ጾሙን በሚመለከት ደግሞ ለንስሐ አባታቸው ይነገር። ሕመምተኛን ከጾም ማሳረፍ የንስሐ አባት ሥልጣን ነው። ብዙ አረጋውያን ጾም ባልሆነ ቀንም «ዓርብ ነው» ብለው እህል አይቀምሱም፤ በዚህ ጊዜ ከልጃቸው ይልቅ የካህን ቃል ይሰማሉ። ከዚህም ሌላ ለንስሐ አባታቸው አደራ የምትሉት ነገር አለ። በማኅበሩ ቀን ወይም ዘመድ በተሰበሰበበት ጊዜ «ሰረቀችኝ» የሚለው ንግግር የሕመሙ መሆኑን፣ ምራታቸውም ከልጅ የሚጠበቀውን ሁሉ እያደረጉ መሆናቸውን በግልጽ ይናገሩ። ባለቤትዎ ራሳቸው ቢናገሩት ራስን መከላከል ይመስላል፤ ካህን ሲናገረው ግን ሐሜቱ ይቆማል፣ የሴትየዋም ስም ይጠበቃል። እኔ ከገንዘብ እርዳታ የማላሳንሰው ይህን ነው።

መልስ፦ የእድር ጸሐፊ (ደምበጫ)

የጠያቂው ወቀሳ እውነት ነው። የአብዛኛው እድር መተዳደሪያ ደንብ የተጻፈው ለሞት ነው፤ ደንብ ግን በጠቅላላ ጉባኤ ይሻሻላል። እንዲሻሻል ሲጠየቅም «ለሕመምተኛ ገንዘብ ይሰጥ» ተብሎ ባይጀመር ይሻላል። ገንዘብ ሲነሣ «ለእገሌ ተሰጥቶ ለእኔ ለምን ቀረ» የሚል ክርክር ይከተላል፤ የመርሳት ሕመም ደግሞ ዓመታት ስለሚቆይ ካዝናው አይችለውም። እድር ያለው ሀብት ሰው ነው። አንድ መንደር እህል ሲደርስ ወንፈል ወጥቶ በተራ እንደሚተጋገዝ ሁሉ፣ ፈቃደኛ ሴቶች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ በተራ ቢቀመጡ ለቤቱ ትልቅ እፎይታ ነው። ከቀብርና ከልቅሶ ቀሪ የሆነ አባል እንደሚቀጣ የታወቀ ነው፤ በአስታማሚነት የተያዘችን ሴት ግን ከቅጣቱ ነፃ ማድረግ ምንም ወጪ የሌለው እርዳታ ነው፤ ከዚህ መጀመር ይቻላል።

ሌላው የመጥፋት ጉዳይ ነው። እናትዎ በር እየነካኩ ከሆነ አንድ ቀን መውጣታቸው አይቀርም። ከወዲሁ ለእድሩ ዳኛና ለጡሩምባ ነፊው አሳውቁ፤ ፎቶግራፋቸው በጥቂት ሰዎች ስልክ ላይ ይቀመጥ። ጡሩምባው በአብዛኛው ለመርዶ የሚነፋ ስለሆነ ሰው እንዳይደነግጥ ምልክቱ አስቀድሞ ይነገር፤ ሲሰማም በየአቅጣጫው የሚወጣው ሰው ተለይቶ ይታወቅ። መጀመሪያ የሚፈለጉት በለመዱት መንገድ ነው፤ በእርስዎ ሁኔታ ወደ ቢቸና የሚወስደው መንገድና መናኸሪያው ይቅደም። የእርስዎን ስልክ ቁጥር በቀሚሳቸው ጠርዝ ውስጥ በክር መጥለፍ ከአንገት ከሚንጠለጠል ካርድ ይሻላል፤ ካርዱን አውልቀው ይጥሉታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆናችሁም የእድሳት ጊዜው እንዳያልፍ ከአስታማሚዋ ሌላ አንድ ሰው ይከታተለው።

ጠያቂ፦ የቢቸና ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዓርብንና የቅዳሜን ሌሊት ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ተረክቤያለሁ፤ ለንስሐ አባታችንም ተናግሬያለሁ፣ ለማርያም ማኅበር ቀን እንደሚመጡ ቃል ገብተውልኛል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። የእናታችንን መሬት ታላቅ ወንድሜ ያርሰዋል፤ ደብተሩ በስሟ ነው። እኅቴ «መሬቱ ተከራይቶ ገንዘቡ ለእማማ ይዋል» ስትል ወንድሜ ተቆጥቷል። ማስታመሙን ሳነሣበት መሬቱን የፈለግሁበት ይመስለዋል፤ በዚህ ምክንያት ሌላውን እገዛ ለመጠየቅ እንኳ አፍሬያለሁ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ (ዳንግላ)

ሁለቱን ነገር ለዩአቸው። የወንድምዎ ሌሊት ተረክቦ ማስታመም የልጅነት ግዴታው ነው፤ መሬቱ ደግሞ የእናትዎ መብት ነው፣ አንዱ የሌላው ዋጋ አይደለም። በሽማግሌ ፊት ስትቀመጡ በመጀመሪያው ቀን ስለ ማስታመሙ ተራ ብቻ ተነጋገሩ፤ ስለ መሬቱ በሌላ ቀን ይሁን።

እናትዎ የሚፈርሙትን የሚረዱበት ደረጃ ላይ ካሉ፣ ይህም በሐኪም ማስረጃ ቢደገፍ ጥሩ ነው፣ ለሚያምኑት ልጅ ውክልና መስጠት ይችላሉ። ያንን ደረጃ ካለፉ ግን ጣታቸውን ይዞ ማስፈረም የትኛውንም ልጅ አይጠቅምም፤ ሰነዱ በኋላ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል፣ በወንድማማች መካከልም ክስ ይተክላል። በዚህ ጊዜ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍርድ ክልከላ የሚለው ሥርዓት አለ፤ ቤተሰቡ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ማስረጃው ከተመረመረ በኋላ በእናትዎ ስም ንብረታቸውን የሚያስተዳድር ሞግዚት ይሾማል፣ ሞግዚቱም የሂሳብ ተጠያቂነት አለበት።

እስከዚያ ድረስ ወንድምዎ ማረሱን ቢቀጥል እንኳ የእናትዎ ድርሻ የእርቦ (ሩብ) ይሁን የእኩል ተቆርጦ ሁለት ምስክር ባለበት በጽሑፍ ይስፈር፤ ስምምነቱን ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ወስዶ ማስመዝገብም ይገባል። ከሚደርሳቸው ጤፍ የቤቱ ቀለብ ይነሣለት፤ የቀረው ተሸጦ በእናትዎ ስም ባንክ ይግባ። ከዚያ ላይ ለሌሊት ረዳት የሚከፈለው ወጪ ይቀነስ፤ ባለቤትዎም ለመድኃኒትና ለሳሙና ከኪሳቸው የሚያወጡት በደረሰኝ ይመለስላቸው። ሂሳቡን አዲስ አበባ ያለችው እኅትዎ ብትይዝ ከሁለታችሁም ጥርጣሬ የራቀ ይሆናል።